የሦስተኛው ፎቅ ጠብታ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቀኝ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ መስሎኝ ነቃሁ።

አሸዋ አልነበረም። ባለቤቴ ትዕግሥት በስልኳ መብራት የላይኛውን የዓይኔን ቆብ ገልብጣ፣ የታችኛውን ስባ አየች። «ቀልቷል፤ ያለቅሳል። ሌላ የሚታየኝ ነገር የለም» አለች። የስልኩ መብራት እንደ መርፌ ወጋኝ። ይህንንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ዜና ሲሠራ የኖረ ሰው ሰዓትና ቦታ መመዝገብ ይለምድበታል። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። የማወጣውም ዓይኑ ቀልቶ ከጎረቤት ጠብታ ሊዋስ የተነሣ ሰው ካለ፣ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት እንዲያነበው ነው።

ያን ሰሞን ከብሎካችን በታች ያለው መንገድ እየተቆፈረ ስለነበር አቧራ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ቀን በውሃ አጠብኩት።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የሆነ አንድ ነገር ግን ደብተሩ ውስጥ የለም። ትኩሳት ይዞኝ ከንፈሬ ጥግ ላይ ምች ወጥቶብኝ ነበር። ትዕግሥት ዳማከሴ ጨምቃ ቀባችኝ፤ በአራተኛው ቀን ደረቀ፤ እኔም ረሳሁት። ከንፈርና ዓይን በአንድ ገጽ የሚጻፉ ጉዳዮች አልመሰሉኝም።

ሐሙስ ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ የጤና መኮንን በትንሽ የእጅ ባትሪ አየኝና «ጋሼ፣ የዓይን ማዝ ነው። ሰሞኑን በሽ ነው» አለኝ።

«በምን ታወቀ?»

«ቀይ ነው፤ ያለቅሳል።»

«ጠዋት ግን አይጣበቅም። ደግሞ አንዱ ዓይን ብቻ ነው።»

«ሁለተኛው ነገ ይከተላል» አለና ፈገግ አለ።

ክሎራምፌኒኮል የሚባል ጠብታ ጻፈልኝ። ባክቴሪያ የሚገድል የተለመደ መድኃኒት ነው። በቀን አራት ጊዜ አደረግኩ። ሁለተኛው ዓይኔ አልተከተለም፤ የመጀመሪያውም አልተመለሰም። እስከ ሰኞ ድረስ ደብተሩ ላይ ያለው ቃል አንድ ነው፦ «እንደ ትናንቱ»።

የእኛ ፎቅ ስድስት በር አለው። መሰላል ያስፈለገው የመጀመሪያውን በር ያንኳኳል፤ መሰርሰሪያ ያስፈለገው ሦስተኛውን። የዓይን ጠብታ ያስፈለገው ወደ እትዬ ዘሀራ ይሄዳል። እትዬ ዘሀራ ቃሊቲ ላይ የልብስ ሱቅ አላቸው። ከባለቤታቸው ከጋሽ ሰይድ ጋር ከወሎ የመጡት ገና ወጣት ሳሉ ነው። ጋሽ ሰይድ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ያሽከረክራሉ። ጠብታዋ የምትቀመጠው በእትዬ ዘሀራ ማቀዝቀዣ በር ላይ ነው፤ ማን እንደገዛት አይጠየቅም። ልጅ ዓይኑ ሲቀላ፣ ሠራተኛ ሽንኩርት ሲያቃጥላት፣ የበያጅ ብርሃን ያየ ሰው ዓይኑ ሲቆጠቁጠው ሲያድር፣ ጠብታዋ በር ለበር ትዞርና ትመለሳለች። የፎቁ ጠብታ ናት።

ሰኞ ማታ እትዬ ዘሀራ ኮሪደሩ ላይ አገኙን። እኔን ትተው ትዕግሥትን ጠየቋት።

«ይኼ ጋዜጠኛ ዓይኑን ማን መታው? አንቺ ነሽ?»

«ቢሆንማ ሁለቱንም ነበር» አለች ትዕግሥት።

የተሰጠኝን ጠብታ አሳየኋቸው። ጠርሙሷን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩና መለሱልኝ። «ይኼ ውሃ ነው። ሰይድ በረሃውን አቋርጦ ሲገባ ዓይኑ ድልህ ነው የሚመስለው። ከኔዋ ሁለት ጠብታ፤ በነጋታው እንቁላል። ወላሂ! አብሽር፣ ቆይ ላምጣልህ።»

ጠርሙሷ መጣች። ጽሑፏ በጣት ብዛት ሊጠፋ ደርሷል። በስልኬ ፎቶ አነሣኋት፤ ይህም ልማድ ነው። ሁለት የመድኃኒት ስም ነበራት። አንደኛው ባክቴሪያ የሚገድል ዓይነት መሆኑን አወቅሁ። ሁለተኛው ዴክሳሜታዞን ይላል። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁምም። በሥራዬ ከአንድ ሰው የሰማሁትን ሌላ ምንጭ ሳላገኝለት ጽፌ አላውቅም። በዓይኔ ጉዳይ ግን የእትዬ ዘሀራ መሐላ በቂ ሆኖ ታየኝ።

ረቡዕ ጠዋት ዓይኔ ነጭ ነበር። ሕመሙ ቀንሷል፤ ብርሃን መውጋቱ ቀንሷል። «ሠራ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። ጠብታውን ቀጠልኩ።

ለማጣራት ያህል በየጠዋቱ የማደርገው ነገር ነበር። በረንዳችን ላይ ቆሜ፣ ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የጎሚስታ ማስታወቂያ በቀኝ ዓይኔ አነባለሁ። ማስታወቂያው ሦስት መስመር ነው፤ ላይኛው ትልቅ፣ ታችኛው ትንሽ። «ጎሚስታ። ለከባድና ለቀላል መኪና። እሁድም ክፍት ነው።» ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ «ሦስቱም ይነበባሉ» ብዬ መዝግቤአለሁ።

ቅዳሜ ትዕግሥት ልብስ ልታሰጣ በረንዳው ላይ ወጥታ አገኘችኝ።

«ምን እያነበብክ ነው?»

«ማስታወቂያውን። ይኸውልሽ፦ ጎሚስታ፣ ለከባድና ለቀላል መኪና፣ እሁድም…»

«እሱንማ እኔም አነበዋለሁ» አለችና ሁለት ዓይኖቿን ጨፍና ሦስቱንም መስመር አንድ ሳታስቀር አወረደችው። «እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ በፊቱ እናልፋለን እኮ! ከሥሩ ያለችውን ጥቁር ሰሌዳ አንብብ።»

ሰሌዳዋን ጠዋት ጠዋት በጠመኔ የሚጽፈው ባለ ጎሚስታው ገመቹ ነው። ሰፈሩ ኮንዶሚኒየም ከመሆኑ በፊት አባቱ እዚያው ጤፍ ያርሱ ነበር። የጎማ መንፊያው በመብራት ስለሚሠራና መብራቱ ስለማይታመን፣ ሹፌሮች ሳይታጠፉ ከመንገድ እንዲያዩለት የዕለቱን ሁኔታ ይጽፋል። አንድ ቀን «አየር አለ»፣ ሌላ ቀን «አየር የለም»፣ አንዳንዴ «ያገለገለ ጎማ አለ»። የእሱ ጋራዥና የእኛ ብሎክ በአንድ የመብራት መስመር ላይ አይደሉም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ አምፖል አይቶ መገመት አይቻልም።

ግራ ዓይኔን ሸፍኜ አየሁ። ሰሌዳዋ አለች። ላይዋ ላይ ያለው ግን በጨርቅ ተጠርጎ ያልጠራ ጠመኔ ነው።

«አየር አለ» አልኩ።

«ገምተህ ነው።»

እጄን ከግራ ዓይኔ አነሣሁ። ሰሌዳዋ ላይ «ከምሳ በኋላ» ተጽፏል።

ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩ። «ሦስቱም ይነበባሉ» የሚሉትን አራት መስመሮች ሰርዤ አጠገባቸው «ያልተረጋገጠ» ብዬ ጻፍኩ። ለአራት ቀን ሲያነብ የነበረው ዓይኔ ሳይሆን ትዝታዬ ነው። ዓይኔ በነጣ ቁጥር እይታው እየወረደ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚሆኑ አልገባኝም። ይህን ለማወቅ ያደረብኝ ጉጉት ከፍርሃቱ ይበልጥ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። ትዕግሥት ግን አልጓጓችም።

«ሐሙስ ክሊኒኩ ካልረዳህ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«ምን አልከኝ?»

«ይሻለኛል አልኩሽ።»

«ጻፈው እንግዲህ እሱንም።» ጻፍኩት።

ሰኞ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፌ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ከሳሪስ ወዲያ ወዳለ የመንግሥት ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሄድኩ። ስደርስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ50 ነበር፤ ወረፋዬ ሃያ ዘጠነኛ። በሁለት ረድፍ የብረት ወንበር ላይ ሁሉም አንድ ዓይኑን ይዞ ተቀምጧል። መስኮቱ ወደ ፀሐይ ስለሚከፈት የተቀመጠው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አልጋ ልብስ አምጥታ በመስኮቱ ላይ ሰቀለችልን። ክፍሉ ሲጨልም ከሁለቱ ረድፍ አንድ ዓይነት ትንፋሽ ወጣ።

አጠገቤ የተቀመጠው መምህር በየነ ከኮዬ ፈጬ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ ያበጡ ነበሩ።

«ክፍሌ ውስጥ አንዱ ልጅ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። በሳምንቱ ግማሹ ክፍል። የመጨረሻው ተማሪ እኔ ነኝ» አለኝ። «አንተስ ከማን ተማርክ?»

«አላውቅም።»

«ጋዜጠኛ ሆነህ?»

ከቀኑ 5 ሰዓት ከ15 ተጠራሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደገፈችኝና ብርቱካናማ ቀለም ያላት ትንሽ ወረቀት አርጥባ የዓይኔን ቆብ ውስጡን በእሷ ነካች። ቀለሙ ቆስሎ የተላጠ ቦታ ሲያገኝ ይይዛል፤ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። አይታ ሳትጨርስ ጠየቀችኝ።

«በቅርቡ ምች መትቶዎት ነበር?»

ከንፈሬን በእጄ ነካሁ። «ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት። ምን አገናኘው?»

«ቫይረሱ አንድ ነው። አብዛኞቻችን ከልጅነት ጀምሮ ይዘነው እንኖራለን፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ትኩሳት ወይም ድካም ሲያገኝ ይነቃል። ብዙውን ጊዜ ከንፈር ላይ ይወጣል፤ አንዳንዴ ዓይን ላይ።» የኮርኒያ ቁስል ነው አለችኝ፤ ኮርኒያ ማለት በዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ መስታወት ነው። መሣሪያው ላይ በስልኬ ፎቶ አንሥታ አሳየችኝ። በአረንጓዴ የተሣለች ቅርንጫፍ ትመስላለች፤ ጫፎቿ ላይ እንቡጥ ያላት።

«አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ጠብታ አደረጉ?»

የሁለቱንም ጠርሙሶች ፎቶ አሳየኋት። በመጀመሪያው አለፈች። በሁለተኛው ላይ ቆመች።

«ይኼኛውን ማን አዘዘልዎት?»

«ጎረቤት።»

«ሐኪም ናቸው?»

«ልብስ ነጋዴ ናቸው።»

አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። «ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። መቅላቱን ያጠፋል። መቅላት ግን የሰውነት ወታደር መድረሱ ነው። ወታደሩን መልሰው አስተኙት፤ ቫይረሱ ሜዳው ተለቀቀለት። ዓይንዎ ስለዳነ አልነጣም፤ መዋጋት ስላቆመ ነው።»

ለአራት ቀን ስፈልገው የነበረው መልስ ይኸው ነበር። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው።

«እይታዬ ይመለሳል?»

«ቅርንጫፏ ወደ ብሌኑ መሐል እያመራች ነው፤ ገና አልደረሰችም። ከመድረሷ በፊት ከዘጋናት ጠባሳው ጥግ ላይ ይቀራል፤ ብዙም አያስቸግርዎትም። ከደረሰች ግን በቀኝ ዓይንዎ የሚያዩት ሁሉ በጭጋግ ውስጥ ይሆናል። ያን የሚያነሣ ጠብታ የለም።» ያኔ የሚቀረው ከሟች ሰው ኮርኒያ ተቀብሎ መተካት እንደሆነ ነገረችኝ።

ደብተሬን አውጥቼ ለቫይረሱ ስንት ዓይነት መድኃኒት እንዳለ ጠየቅኋት። ውጭ ወረፋ መኖሩን አውቅ ነበር፤ እሷም ታውቃለች፤ ግን መለሰችልኝ። አንደኛው በቀን ብዙ ጊዜ፣ ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ፣ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ነው። ይሠራል፤ ሲረዝም ግን ጤነኛውንም የዓይን ገጽ ያስቆጣል። እኛ ሀገር ማግኘቱም ይከብዳል። ሁለተኛው ጄል ነው። በቀን አምስት ጊዜ ይደረጋል፤ እይታን ብዙ አያደበዝዝም፤ እሱም ከውጭ ካልመጣ የለም። ሦስተኛው አሲክሎቪር የሚባል ቅባት ነው። እሱም በቀን አምስት ጊዜ ነው፤ ከተቀቡት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ዓለም በዘይት የተነከረ ወረቀት ይመስላል። ጠፍቶ ይገኛል።

«ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል?»

«በትክክል ከተወሰዱ ቅርንጫፏን በመዝጋት ብዙም አይበላለጡም። ለእርስዎ የሚበልጠው ዛሬ ተገኝቶ በሰዓቱ የሚደረገው ነው።»

ቅባቱን ጻፈችልኝ። ስወጣ መምህር በየነም ተመርምሮ ወጥቶ ነበር። የእሱም ቫይረስ ነው ተብሏል፤ ሌላ ዓይነት ቫይረስ። የታዘዘለት በቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅ መያዝ፣ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ማለስለሻ ጠብታና ከክፍል መቅረት ብቻ ነው።

«እኔን በቀዝቃዛ ጨርቅ ሸኙኝ፤ አንተን በቅባት። አድልዎ አለ» አለኝ። «ሁለታችንም ቫይረስ ከሆነ ለምን አንካፈልም? ቅባቱን ስታገኝ ሩቡን ቁረጥልኝ።»

ያን ቀን ጠዋት ቢሆን ቆርጬ እሰጠው ነበር። የእኔ ቅባት በሌላ ዓይነት ቫይረስ ላይ እንደማይሠራ ከአምስት ደቂቃ በፊት ሐኪሟን ጠይቄ መረዳቴን ነገርኩት። «መምህር ትሆናለህ» አለኝ።

ቅባቱን ከሳሪስ ጀምሬ ስፈልግ አምስት ፋርማሲ «አልቋል» አለኝ። በሁለቱ ውስጥ ባለሙያዎቹ ራሳቸው «የከንፈሩ አለ፤ ያው ነው» ብለው በተመሳሳይ ስም የሚጠራ የቆዳ ቅባት ሊሰጡኝ ነበር። ያው አይደለም፤ የቆዳው ለዓይን አልተሠራም። ሐኪሟ አስቀድማ ስላስጠነቀቀችኝ መለስኩ። በስድስተኛው ፋርማሲ አንዲት ሴት ከመደርደሪያው ኋላ ሁለት ቱቦ አወጣችልኝ። ቱቦው የአመልካች ጣቴን አያክልም።

ስልኬ ላይ አምስት ደወል ሞላሁ። የዜና ክፍል ስብሰባ ላይ ሲጮኽ ወጥቼ ደረጃው ላይ እቀባለሁ። ቅባቱ እስኪቀልጥ በግራ ዓይኔ ብቻ ዜና አርማለሁ። ቤት ውስጥ ትዕግሥት ፎጣዬንና ትራሴን ለየች። እሷም የራሷን ጥያቄ ይዛ ስትዞር ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ነው ያወጣችው። «ዳማከሴውን ስቀባህ ጣቴ ዓይንህን ነክቶ ይሆን?» ለሐኪሟ በስልክ መልእክት ጽፌ ጠየቅሁላት። መልሱ በማግሥቱ መጣ፦ ከውስጥ በነርቭ መጥቶ ይሆናል እንጂ ማንም ጥፋተኛ ነው ሊባል አይችልም። ትዕግሥት ሁለት ጊዜ አነበበችውና ስልኬን መለሰችልኝ።

ሰሌዳዋን በቀን አሥር ጊዜ ማየት ጀመርኩ። አንዳንዴ የጠራ ይመስለኛል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይጠፋል። በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ይህን ስትሰማ በቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት፣ ብቻ እንዳይ አዘዘችኝ። ትዕግሥት ፈራጅ ሆነች። እኔ አንብቤ ስጨርስ እሷ በሁለት ዓይኗ ታነብና ትፈርዳለች። በመጀመሪያው ሳምንት ውጤቱ ስድስት ስህተት፣ አንድ ልክ። ልኩንም እንደገመትኩት አውቃለሁ።

ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀለሙ ሲነካ የሚይዘው ቦታ አጣ። ቅርንጫፏ ተዘግታለች፤ መሐል ብሌኑ ላይ አልደረሰችም። ሐኪሟ «ተሳካልን» አለች። ቅባቱን ለጥቂት ቀን ቀጥዬ አቆምኩ። በዚያ ሳምንት ከሰባቱ ሰሌዳ አራቱን ልክ አነበብኩ።

ጽሑፌ እዚህ ቢያልቅ ቀላል ይሆን ነበር። በቀጣዩ ሳምንት ውጤቱ ወደ ሁለት፣ ቀጥሎ ወደ ዜሮ ወረደ። ዓይኔ እንደገና ቀላ፤ አሸዋው ግን የለም፤ ውስጡ ነው የሚከብደኝ። ማክሰኞ ኅዳር 16 ሐኪሟ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ቅርንጫፏ አልተመለሰችም። አሁን ያበጠው ከገጹ በታች ያለው ወፍራሙ የኮርኒያ ሽፋን ነው። ቫይረሱ እየበላው ሳይሆን፣ ሰውነቴ ቫይረሱ ትቶት በሄደው ቅሪት ላይ ከልክ በላይ እየተቆጣ ነው። የራሴ ቁጣ መስታወቱን እያጨለመው ነው። ከቆየ ጠባሳ ይሆናል፤ ያውም መሐሉ ላይ።

መድኃኒቱን ጻፈችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። ሁለት ነገር ነበር፦ አሲክሎቪር በእንክብል፣ ዴክሳሜታዞን በጠብታ።

ወረቀቱን መለስኩላት። «ዶክተር፣ ሁለተኛው…»

«አዎ፤ ያው ነው።»

«ያጠፋኝ እሱ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ያኔ በሩ ክፍት ሳለ ዘበኛውን አስተኙት። አሁን በሩ ተዘግቷል፤ እንክብሉ ደግሞ በሩ ላይ ይቆማል። ዘበኛው ግን ገና ቤት ውስጥ ዱላውን እያወዛወዘ ዕቃ ይሰብራል። እሱን ነው የምናረጋጋው። ቀስ ብለን እንጀምራለን፤ ቀስ ብለን እንቀንሳለን። በድንገት አያቋርጡም። ብቻዎን አይጨምሩም። በየቀጠሮው የዓይንዎን ግፊት እለካለሁ፤ ይህ ጠብታ ግፊት ከፍ አድርጎ ሳያሳምም ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።»

ጠብታውን ገዝቼ ስገባ እትዬ ዘሀራ ደረጃው ላይ አገኙኝ። መጀመሪያ ከሆስፒታል እንደተመለስኩ ስለ ጠብታቸው የተናገርኩትን በሙሉ ሰምተው ነበር፤ ለአራት ሳምንትም ሰላምታቸው ቀዝቅዞ ነበር። ጠርሙሷን ከእጄ ወስደው አዩ። ስሙን አወቁት።

«ትዕግሥት! ነይ ተመልከቺ!» ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። «የኔን ጠብታ መርዝ ነው ብሎ ስሜን በፎቁ አጠፋ። ዞሮ ዞሮ ሆስፒታሉ የኔኑ ጠብታ ሰጥቶ ላከው!»

«መርዝ አላልኩም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

ደረጃው ላይ ተቀምጠን አስረዳኋቸው። ቅርንጫፏን በስልኬ አሳየኋቸው፤ የዘበኛውን ነገር ነገርኳቸው። ከዚያ የጠየቁት ጥያቄ እኔ ለሐኪሟ ያላነሣሁት ነበር።

«ሰይድስ? እሱ እኮ ከእያንዳንዱ መንገድ ሲመለስ ነው የሚያደርገው። ግፊት ያልከው፣ አያሳምምም ያልከው… እንዴት ይታወቃል?»

«በመለካት ብቻ።»

«ያ ረብ» አሉ በቀስታ።

ጠርሙሷን ከማቀዝቀዣቸው አመጡ። አብረን አነበብናት። ከተከፈተች ከአንድ ወር በኋላ እንድትጣል ተጽፏል። «እኔ የከፈትኳት ባለፈው ረመዳን ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓይን እንደነካች ለመቁጠር ሞከርን፤ ዘጠኝ ላይ ስንደርስ ተውነው። እንደሚጥሏት ነገሩኝ። ሲጥሏት አላየሁም።

አዲሱን ጠብታ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ጠርሙሱን ይዤ መስታወት ፊት ብዙ ቆየሁ። ያንኑ ስም፣ ያንኑ ዓይን ነው። በደብተሬ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ከፈትኩ። በአንዱ «ጥቅምት 10፣ ጎረቤት፣ ያለ ምርመራ»፤ በሌላው «ኅዳር 17፣ ሐኪም፣ ቁስሉ ተዘግቶ፣ ከእንክብል ጋር፣ በቀጠሮ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጠብታውን አደረግኩ። መጠኑን እዚህ ያልጻፍኩት አውቄ ነው። የተጻፈው ለእኔ ቀኝ ዓይን፣ ለዚያ ሳምንት ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን መቅላቱ ጠፋ። በዚህ ጊዜ «ሠራ» ብዬ አልጻፍኩም፤ ሰሌዳዋን ጠበቅሁ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከሰባት ሦስት፤ ቀጥሎ አምስት። አንድ ጠዋት ገመቹ ከማዶ እጁን አነሣልኝ። ትዕግሥት ወርዳ ለምን በየቀኑ ሰሌዳውን አፍጥጠን እንደምናይ ነግራው ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከበደ። ፊደሉን አሳነሰ፤ ሆነ ብሎ የማይጠበቅ ነገር ይጽፋል። «አየር አለ ለጋዜጠኛ በነጻ» የሚለውን ለማንበብ ሙሉ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ «በነጻ» የሚለውን ሳትኩት። ከታች ሆኖ «ካላነበብክ ትከፍላለህ!» ብሎ ጮኸ። እኔ መኪና የለኝም።

የዓይኔ ግፊት በሦስት ቀጠሮ ተለክቶ በሦስቱም ደህና ነበር። ጠብታው በየሳምንቱ እየቀነሰ በጥር አጋማሽ ቆመ። እንክብሉ ቀጥሏል፤ ቫይረሱ ከሰውነቴ አልወጣም፤ አይወጣምም። ምች በወጣብኝ ቁጥር ዓይኔን ላሳይ ተስማምተናል። ከብሌኑ ጥግ በመሣሪያ ብቻ የምትታይ ደብዛዛ ነጭ ጠባሳ ቀርታለች። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ፣ ማታም በመብራቶች ዙሪያ፣ ቀለበት አያለሁ። በሽታው ይመለሳል ወይ ለሚለው ሐኪሟ «ሊመለስ ይችላል» ብላለች፤ ከዚያ በላይ አላለችም።

ጋሽ ሰይድ በሁለት ጉዞ መካከል ከእኔ ጋር ወደ ዓይን ክፍሉ ሄደዋል። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ እይታቸው ገና አልተነካም። ግፊቱን የሚቀንስ ሌላ ጠብታ ታዞላቸዋል፤ ጠርሙሱ ላይ እትዬ ዘሀራ በፕላስተር «የሰይድ ብቻ» ብለው ለጥፈውበታል።

ቅዳሜ፣ ጥር 23 ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10። ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳ። ግራ ዓይን ተሸፍኗል። በቀኝ ዓይን የተነበበው፦ «አየር የለም። 9 ሰዓት ኑ።» ትዕግሥት ያነበብኩትን ሰምታ ዳቦ ልትገዛ ስትወርድ ሰሌዳዋ ፊት ቆማ አነበበችና ወደ እኔ ቀና ብላ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። የተጻፈው እሱ ነው።